ቲቸር ነጅማ ስም ስትጠራ

ነጅማ መሞቷን የነገረኝ ስልኬ ነው። የቀድሞ ትምህርት ቤታችን መምህራን የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ ከበዓል እስከ በዓል «እንኳን አደረሳችሁ» ከመባባል በቀር ሥራ የለውም። ማክሰኞ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ከፈትኩት። ርእሰ መምህራችን የነበረው ሰው ፎቶዋን ለጥፎ ከሥሩ፣ «ውድ ባልደረባችን መምህርት ነጅማ ባደረባት ሕመም ትናንት ወደ አኺራ ሄዳለች፤ ቀብሯም በዚያው ዕለት ወራቤ ተፈጽሟል» ብሎ ጽፏል። ከዚያ ወዲያ የሚያለቅሱ ትንንሽ ቢጫ ፊቶች ተደርድረዋል። አንዱ ሻማ ልኳል። አንዱ «ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፎ ነበር፤ ሙስሊም መሆኗ ዘግይቶ ትዝ ብሎት ነው መሰለኝ፣ እያየሁት አጠፋው። እኔም ቢጫውን ፊት ተጫንኩና ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

ሰልፉ ጥቂት ሲንቀሳቀስ ስልኬን አውጥቼ የተጫንኩትን ቢጫ ፊት መልሼ አየሁት። አፈርኩ። ለሌላ ሰው ሞት ቢጫ ፊት መጫን ይቻል ይሆናል፤ ለነጅማ ግን አይቻልም፤ በተለይ እኔ አልችልም። «አውራ ጣት መጫን መልስ አይደለም» እያለች ስንት ጊዜ የተቆጣችኝ ሰው ናት። ከሰልፉ ወጥቼ ወራቤ ለሚገኙት ወንድሟ ደወልኩ፤ አንድ ሁለት ቃል እንኳ ሳልናገር ስልኩን ዘጋሁት። የምጽፈው ያን ዕለት በስልክ መናገር ያቃተኝን ነው።

ነጅማና እኔ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ዳር ወዳለ የመንግሥት ትምህርት ቤት የተመደብነው በአንድ ዓመት ነው። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል እናስተምራለን፤ እሷ ሥነ ዜጋ፣ እኔ ሒሳብ። ስሜ ስንታየሁ ነው፤ እሷ ግን «አንተ ሒሳብ» ነበር የምትለኝ። አጭር ናት፤ ስትራመድ ግን ረጃጅሞቹን ታደክማለች። መናገር ስትጀምር የሻርፗን ጫፍ ወደ ትከሻዋ ወርወር ታደርጋለች፤ ይህን ያየ ሰው ነገሩ ባይመለከተውም ቆሞ ይሰማል። ቦርሳዋ ውስጥ ቆሎ አይጠፋም። ስብሰባ ሲረዝም በጠረጴዛ ሥር ጭብጥ ታቀብልሃለች፤ ርእሰ መምህሩ ድንገት አስተያየት ሲጠይቅህ አፍህ ሙሉ ነው። እሷ ያኔ በጣም በቁም ነገር ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

ሚኒ ሚዲያው የእሷ ነበር። በየትምህርት ቤቱ እንዳለው ነው፤ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀልና በእረፍት ሰዓት ልጆች በድምፅ ማጉያ ዜና ያነባሉ፣ ግጥም ያነባሉ። የሌሎች ትምህርት ቤቶች ሚኒ ሚዲያ «ንጽሕናችሁን ጠብቁ» ሲል ይውላል። የነጅማ ልጆች ግን እውነተኛ ዜና ነበራቸው። «ከሰባተኛ ሐ ክፍል የጠፋው መጥረጊያ በሰባተኛ ለ ክፍል ተገኝቷል። ጉዳዩ በሽምግልና ተፈትቷል።» «የስምንተኛ ሀ ተማሪ ኤፍሬም ተካ እናቱ መንታ ወልደዋል። ኤፍሬም ከዛሬ ጀምሮ ቢያንቀላፋ ታገሡት።» መብራት ሲጠፋ ዜናው እንዳይቋረጥ ብላ ከየት እንደሆነ እንጃ አንድ አሮጌ ሜጋፎን አመጣች። ባትሪው ሲደክም የሁሉንም ድምፅ የሽማግሌ ድምፅ ያደርገዋል፤ ልጆቹ ያን ጊዜ ነበር ይበልጥ የሚወዱት።

ክፍል ገብታ ስም ስትጠራ አትቸኩልም። እኛ በቁጥር ጠርተን የምናልፈውን እሷ የልጁን፣ የአባቱን፣ የአያቱን ስም አሟልታ ትጠራለች። አንድ ቀን «ግማሹን ክፍለ ጊዜ ስም ስትጠሪ ጨረስሽው» አልኳት።

«አንተ ሒሳብ» አለችኝ፤ «ከቤቱ ሲወጣ ማንም ስሙን ያልጠራው ልጅ አለ። እኛ ጋ እንኳ ይጠራ።»

ከዚያ ኮሮና መጣና ትምህርት ቤት ተዘጋ። ልጆቹን የሸኘናቸው ለጥቂት ቀን መስሎን ነበር። ጥቂት ቀኑ ወር ሆነ፣ ወሩም ሌላ ወር ወለደ። ትምህርቱ በቴሌግራም ይሰጣል ተባለ፤ ርእሰ መምህሩ ቻናል ከፈተ። እኛ የየትምህርታችንን ወረቀት ፎቶ አንሥተን እንለጥፋለን፣ ልጆቹ አውራ ጣት ይጫናሉ። እኔ በበኩሌ የሚጠበቅብኝን የሠራሁ መስሎኝ ቤቴ ተቀምጬ ነበር።

ነጅማ ግን በየማለዳው ለቻናሉ በድምፅ ሰላምታ ትልካለች። «እንደምን አደራችሁ ልጆች፤ ቲቸር ነጅማ ነኝ። ዛሬ ደመና አለ፣ የሰጣችሁትን ልብስ ቶሎ አንሡ» ብላ ትጀምርና የሚኒ ሚዲያዋን ዜና ትቀጥላለች፤ ማን ታሞ እንደዳነ፣ ማን ታናሽ እህቱን ፊደል እንዳስቆጠረ። ወሬውን የምታገኘው ለየቤቱ እየደወለች ነው። አንድ ቀን እኔም ጋ ደወለች።

«ቻናሉ ውስጥ ያሉትን ልጆች ከክፍሎቻችን ጋር አስተያይተሃቸዋል?»

«አላስተያየሁም።»

«ግማሾቹ የሉም።»

«ቀስ እያሉ ይገባሉ» አልኳት።

«በምን ይግቡ? በግንባራቸው?»

በማግስቱ ሜጋፎኑን በአንድ እጇ፣ የእኔን ክርን በሌላ እጇ ይዛ ኮንዶሚኒየሙ መሀል አቆመችኝ። እኔ በፎቶ ኮፒ የተባዛ የመልመጃ ወረቀት ታቅፌአለሁ፤ ሁለታችንም ማስክ አድርገናል። አራብሳን የሚያውቅ ነፋሱን ያውቃል፤ ወረቀቱን በደረቴ ደግፌ ነው የቆምኩት። ሴቶች ከቦቴ ውሃ ለመቅዳት ጀሪካን አሰልፈዋል። የሰፈሩ ጥበቃ ዱላውን ይዞ መጣና «ቅስቀሳ ነው እንዴ?» አለ።

«አዎ፣ የትምህርት ነው» አለችውና ሻርፗን ወርወር አድርጋ ሜጋፎኑን አነሣች። «የስምንተኛ ሀ ተማሪ ኤፍሬም ተካ ወልዴ!»

ከአራተኛ ፎቅ፣ ከተሰጣ ብርድ ልብስ ኋላ አንድ ራስ ብቅ አለ። «አቤት ቲቸር!»

ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ። ቀጥላ ሌላ ጠራች፤ ከማዶው ብሎክ ሌላ «አቤት» መጣ። ርቀት እንድንጠብቅ ተብለን ስለነበር ፎቅ አንወጣም፤ ልጆቹ ፌስታል በገመድ አስረው ከበረንዳ ያወርዳሉ፣ እኔ ወረቀት እከትበታለሁ፣ ወደ ላይ ይሳባል። የባለፈው ሳምንት መልስም በዚያው ፌስታል ይወርዳል። የውሃ ሰልፈኞቹ አጨበጨቡልን። ያን ዕለት ስንመለስ ነጅማ እንደ ልጅ እየዘለለች ነበር፤ እኔም ብሆን ከስንት ጊዜ በኋላ አስተማሪ የሆንኩ መሰለኝ።

የጠራነው ቻናሉ ውስጥ የሌሉትን ብቻ ነበር። ይህን የምለው አሁን ነው፤ ያኔ ከዚህ የበለጠ ትክክል የሆነ ነገር አልነበረም። ስልክ ያላቸውን ቻናሉ ይዟቸዋል፤ የቀሩትን እኛ እንይዛለን። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የሒሳብ አስተማሪ ደግሞ አጠገቧ ቆሟል።

ጥቂት ሳምንታት በዚህ መልክ አለፉ። ከዚያ መልሱ እየሳሳ መጣ። ትናንት «አቤት» ያለ ልጅ ዛሬ ዝም ይላል። ፌስታል ማውረዱም ቀረ። ኤፍሬም እንኳ አንድ ቀን ከብርድ ልብሱ ኋላ እጁን ብቻ አውጥቶ አወዛወዘና ተመለሰ። ነጅማ ጥፋተኛ ያደረገችው ሜጋፎኑን ነው። «ድምፁ ደክሟል፤ ነፋሱ እየወሰደው ነው» አለች። አዲስ ባትሪ ገዛች፤ አልበቃትም፣ ጎሮ ወዳለ ሬዲዮ ጠጋኝ ወስዳ አሠራችው። ሰውዬው ሙያ ነበረው፤ ሜጋፎኑ ከሁለት ብሎክ ማዶ ይሰማ ጀመር።

መቅደስ የምትባል የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረችን፤ የሚኒ ሚዲያው ዋና ዜና አንባቢ። እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ትንፋሿን መጥና ስታነብ ነጅማ ከጀርባዋ ቆማ ከንፈሯን አብራ ታንቀሳቅሳለች። ልጅቷ ከቻናሉም ከበረንዳውም ጠፍታለች። ስምንተኛ ክፍል ደግሞ የሚኒስትሪ ፈተና አለ፤ መቼ እንደሚሆን ባይታወቅም መምጣቱ አይቀርም። ነጅማ ስለ እሷ ሳታነሣ የምትውልበት ቀን አልነበረም።

አንድ ጠዋት ብሎካቸው ሥር ቆመን «መቅደስ አየለ ደምሴ!» ብላ ጠራች። ዝም። ደገመች። ዝም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ መጋረጃ ነቅነቅ አለ።

«አለች እኮ» አለችኝ፤ ፊቷ ተለዋውጧል። በዚያ ሰሞን ሰው ከጠፋ መጀመሪያ የሚታሰበው በሽታው ነው። ሜጋፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች። «መቅደስ፣ የኔ ልጅ፣ ስልክ ከሌላችሁ አትጨነቂ፤ ወረቀቱን አምጥቼልሻለሁ። ፌስታል አውርጂ።»

ባትሪው አዲስ ነው። እያንዳንዱ ቃል ከአንዱ ብሎክ ግድግዳ ወደ ሌላው እየተላተመ ሄደ። የውሃ ሰልፈኞቹ ቀና ብለው ሦስተኛውን ፎቅ አዩ። አንድ በረንዳ ላይ ልጆች ሳቁ።

የመቅደስ እናት ሰናይት በሩን ከፍታ ወጣች። ፀጉሯ ተሠርቷል፣ የሥራ ኮቷን ለብሳለች፣ ቦርሳዋን አንግታለች። ቦሌ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር ያለ ገስት ሃውስ ውስጥ ልብስ አጣቢ እንደነበረች፣ ገስት ሃውሱም እንግዳ ሲጠፋ እንደተዘጋ ያወቅነው በኋላ ነው። የዚያን ጠዋት ሥራ እንደሚረፍድባት ሴት ነበር የቆመችው። ስልክ ወደ ላይ ከፍ አደረገች፤ የምታሳየን ግን ጀርባውን ነው።

«ቲቸር፣ ተሳስተዋል» አለች፤ ድምፅዋ ያለ ሜጋፎንም ይሰማ ነበር። «ልጄ ትምህርቷን በስልኳ ነው የምትከታተለው። እኛ ቤት ምንም የጎደለ ነገር የለም።»

ከዚያ በደረጃው ወረደች። እኛ ዘንድ ስትደርስ ቀስ ብላ ነበር የተናገረችው።

«እርስዎ ተናግረው ወደ ቤትዎ ይሄዳሉ። እኔ እዚህ ነው የምኖረው።»

«የኔ እናት፣ እኔ እኮ ለክፋት አይደለም...»

«አውቃለሁ። ለክፋት ቢሆን ኖሮ እሰድብዎት ነበር።» በአገጯ ወደ በረንዳዎቹ አመለከተች። «ልጆቹ ምን እንደሚባሉ ያውቃሉ? የሜጋፎን ልጆች ነው የሚሏቸው። ሲጫወቱ ይሰዳደቡበታል። ስሙ የተጠራ ልጅ እቤቱ ምን እንደሌለ ሰፈር አወቀ ማለት ነው። እኔ ይህን ፈርቼ መጋረጃዬን ዘጋሁ። እርስዎ ደግሞ ከታች ሆነው ከፈቱት።»

ነጅማ ሜጋፎኑን ከጀርባዋ ሸሸገች።

«አክስቷ ቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ምግብ ቤት አላት» አለች ሰናይት። «ከሰኞ ጀምሮ መቅደስ እዚያ እየሠራች ትኖራለች።»

«ፈተናዋስ?»

«ፈተናው ይቅር። ስሟን ሰርዙት።»

ስትመለስ ደረጃውን ቀስ ብላ፣ ቀጥ ብላ ነበር የወጣችው። ነጅማ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ሜጋፎኑ ጭኗ ላይ ነው። እኔም የታቀፍኩት ወረቀት ድንገት ከበደኝ፤ የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ሰው ሁሉ ያየናል፤ ያየን መስሎኝም ይሆናል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ስንታየሁ» አለችኝ። በስሜ ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነው። «ይኼን ሁሉ ሳምንት የተማሪ ስም የጠራሁ መስሎኝ ነበር። ለካ ድሃ ድሃውን እየለቀምኩ ነው የጠራሁት።»

አልተሳሳተችም።

ከዚያ በኋላ ወደ ኮንዶሚኒየሙ መሄድ ተወች። የማለዳ ሰላምታዋን ባታቋርጥም እሱም አጠረ፤ «እንደምን አደራችሁ፣ ቲቸር ነጅማ ነኝ፣ ደኅና ዋሉ» ብቻ ሆነ። ስደውልላት አታነሣም። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን ጎሮ ወደሚገኘው ቤቷ ሄድኩ። በር ላይ ርቀታችንን ጠብቀን፣ እሷ ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ ቆመን አወራን። ዓይኗ አብጦ ነበር፤ የቀለድኩላትም ነገር አላሳቃትም።

«ሽማግሌ እንላክ» አልኳት። የእኛ ሰው ሲጣላ ሌላ ምን መላ አለው። «የብሎካቸውን የእድር ሰብሳቢ አውቃቸዋለሁ። አንድ ሁለት ሰው ጨምረን...»

«አራት ሽማግሌ ተሰልፎ ደረጃዋን ሲወጣ ሰፈሩ ምን መጣ አይልም? ሌላ ሜጋፎን ልትልክባት ነው።»

«እንግዲያው ብቻሽን ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂያት።»

«በአደባባይ ያዋረድኳትን በጓዳ ይቅርታ ልጠይቃት?» ራሷን ነቀነቀች። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።»

«ታዲያ በምን ይታሻል?»

«እኔም እዚያው ቦታ ቆሜ ባፍርላት ነው» አለች። የሐዘን ንግግር መስሎኝ አለፍኩት። ለካ እያቀደች ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጠራችኝ። ኮንዶሚኒየሙ መግቢያ ላይ ቆሜ ስጠብቃት ከባጃጅ ወረደች። ሜጋፎኑን ይዛለች። መንገድ ላይ «የምናገረውን ነገር ዝም ብለህ ስማ፤ አንተን ካነሣሁህ ራስህን ነቅንቅ» አለችኝ። የዋህ ነኝ፤ እሺ አልኩ።

ብሎኩ ሥር ስንቆም በረንዳዎቹ ላይ ሰው ነበር፤ ቅዳሜ ነው። የሰናይት መጋረጃ ዝግ ነው። ነጅማ ሻርፗን ወደ ትከሻዋ አልወረወረችም። ሜጋፎኑን በሁለት እጇ ያዘች።

«እንደምን አደራችሁ» አለች። «ዛሬ ስም አልጠራም። ዛሬ የራሴን ነው የምነግራችሁ። እኔ ቲቸር ነጅማ፣ ቴሌግራም የሚከፍት ስልክ የለኝም። ያለችኝ ተራ ስልክ ናት። ትምህርቱን እስከ ዛሬ የማየውም የምልከውም በቲቸር ስንታየሁ ስልክ ነው። አፍሬ ስለነበር ለማንም አልተናገርኩም። ስልክ የሌለው ልጅ ካለ እንደኔ ነው፤ እንደኔ አይፈር።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ራሴን ነቀነቅኩ። ልብሴን አውልቄ የቆምኩ ያህል ተሰማኝ። በየማለዳው በራሷ ስም፣ በራሷ ፎቶ፣ በራሷ ድምፅ ለመላው ትምህርት ቤት ሰላምታ የምትልክ ሴት ናት። እንዲህ ያለ ውሸት የሚዋሸው መዋሸት የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ የቆመች ከሰባተኛ ክፍሎቻችን አንዷ ስልኳን አየች፣ ነጅማን አየች፣ ደግማ ስልኳን አየች።

«ቲቸር፣ ቅድም እኮ ድምፅ ልከዋል» አለች። ክፋት አልነበራትም፤ አስተማሪዋ የረሳች መስሏት ነው። እንዳልተሰማች ስታውቅ ተጫነችው። የነጅማ ድምፅ ከሁለተኛ ፎቅ ወረደ። «እንደምን አደራችሁ ልጆች፤ ቲቸር ነጅማ ነኝ። መንገድ ላይ ነኝ። ደኅና ዋሉ።» ከኋላ የባጃጅ ጥሩምባና፣ ነጅማ ሒሳቧን ስትከፍል ሾፌሩን «አላህ ይስጥህ» ስትለው ይሰማል። እኔ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ስልኬን ይዤ መግቢያው ላይ ስጠብቃት ነበር፤ ይህን ለማገናኘት የሒሳብ አስተማሪ መሆን አያስፈልግም።

መጀመሪያ ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ ትልልቆቹ ሳቁ። የውሃ ሰልፈኞቹ ጀሪካናቸው ላይ ተደግፈው ሳቁ። ጥበቃው ፊቱን አዙሮ ሳቀ። የሥነ ዜጋ አስተማሪ በአደባባይ ስትዋሽ ተያዘች፤ ማን አይሥቅ። ነጅማ ሜጋፎኑን ከአፏ ሳታነሣ ቆማ ቀረች፤ ትንፋሿ ብቻ ሰፈሩን ሞላው። ባፍርላት ብላ ነበር፤ ያቀደችው ግን ይህንን ሐፍረት አልነበረም። ያቀደችው የሚያምር ነበር።

«ዋሸሁ» አለች። ሳቁ ቀነሰ። «ስልክ አለኝ። እናንተን ያሳፈርኩበትን ለመካስ ብዬ ዋሸሁ፤ ጨርሶ ባሰብኝ። አላወቅሁበትም። ይቅር በሉኝ።»

ሜጋፎኑን አጠፋችውና አቀበለችኝ፤ ወደ መንገዱ ዞረች። ተከተልኳት። ከኋላችን በር ተከፈተ።

«ቲቸር።»

ሰናይት ናት። ኮቱን አልለበሰችም፣ ቦርሳውም የለም። የቤት ቀሚሷን እስከ ክርኗ ሰብስባለች፤ ክንዷ ላይ አረፋ አለ። ልብስ እያጠበች ነበር።

«ስሟን ሳይጠሩ ወዴት ይሄዳሉ?» አለች፤ ለሁሉ እንዲሰማ አድርጋ። «ልጅቷ ተማሪ አይደለችም እንዴ?» ነጅማ እንዳልገባት ሰው ቆማ ስታያት፣ ድምፅዋን ይበልጥ ከፍ አደረገች። «ስልክ የለንም። የነበረው ውሃ ገብቶበት ሞቷል። ወረቀቱን ይስጧት። ሰኞም የትም አትሄድም።»

ሜጋፎኑን ለነጅማ ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም። በገዛ ድምፅዋ፣ የልጅቷን ስም ጠራች፤ የአባቷንና የአያቷን ስም ግን መጨረስ አልቻለችም። መቅደስ ፌስታል አላወረደችም፤ ራሷ በደረጃው ወረደች። ርቀቷን ጠብቃ ቆመች፣ እጇን ዘርግታ ወረቀቱን ተቀበለች። ነጅማ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም።

«ይቅር በይኝ» አለቻት።

«እኔ እኮ በስልኩ አይደለም ያፈርኩት» አለች መቅደስ፤ እሷም የምታየው ጫማዋን ነው። «እርስዎ ሲጠሩኝ እየሰማሁ ዝም በማለቴ ነው።»

ቅድም የሳቁት ሁሉ ጀሪካን ጀሪካናቸውን እያዩ ነው፤ ድምፁን ያጫወተችው ልጅ ስልኳን ከጀርባዋ ደብቃ አቀርቅራለች። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ያን ጠዋት አንገቷን ያልደፋች ሰናይት ብቻ ነበረች፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ክንዷን በቀሚሷ እየጠረገች ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ ታይ ነበር።